ቅባት ይቁም

የአይጦቹ ጠባቂ መዝገብ ያዧን «አራት ነጥብ» ይላታል። የጻፈችውን ሁሉ፣ ባዶ ቁጥርም ቢሆን፣ በአራት ነጥብ ስለምትዘጋ ነው። «ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ብለሽ እንኳ ትዘጊበታለሽ፤ ሙቀቱ አምልጦ እንዳይወጣ ነው?» እያለ ያሾፍባታል። እሷ አትስቅም፣ አትቆጣምም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ ተምራ በማዕረግ የተመረቀች ሴት ናት። ሰው ሁሉ ተመራማሪ ትሆናለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ መዝገቡን መረጠች። ሌላው ሰው ቢሳሳት መዝገቡ ያርመዋል፤ መዝገቡ ከተሳሳተ ግን ማን ያርመዋል ባይ ናት። ደግሞ አጭር መጻፍ ትወዳለች። ሌላው ገጽ የሚፈጅበትን በመስመር፣ መስመር የሚፈጅበትን በሁለት ቃል ትቋጨዋለች፤ በዚህም በልቧ ትኮራ ነበር።

እናቷ ካረፈች ስምንት ወር ሆኗል።

ቤተ ሙከራው ሁለት ክፍል ነው። በውስጠኛው ዘጠና ስድስት አይጦች በየሽቦ ሳጥናቸው ይኖራሉ። በውጭኛው ረጅም ጠረጴዛ፣ የሞቀ ውኃ ገንዳ፣ የብልቃጥ ረድፍና የእሷ ወንበር አሉ። የሚጠናው አንድ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ለሳንባው፣ ለመገጣጠሚያው፣ ለቆዳው የሚወስደው ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒትና በምግብ ውስጥ የሚገባው ስብ፣ ለየብቻም ሆነ አንድ ላይ፣ አንጀት ስኳር የመምጠጥ አቅሙን ምን ያደርጉታል? ስለዚህ አይጦቹ በአራት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን ተራ መኖ ይበላል። ሁለተኛው የበሬ ሞራ የተቀላቀለበትን መኖ ይበላል። ሦስተኛው ተራ መኖ እየበላ መድኃኒቱን ይወስዳል። አራተኛው ሞራውንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ያገኛል።

ጊዜው ሲደርስ የአይጡ ቀጭን አንጀት ይወጣና እንደ ካልሲ ይገለበጣል። ሁለት ጫፉ በክር ታስሮ፣ ትንሽ ከረጢት ሆኖ፣ ስኳር በተበጠበጠበት ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ሕይወቱ ቶሎ እንዳያልፍ በቀጭን ቱቦ ኦክስጅን ይለቀቅለታል። ደቂቃው ሲያልቅ ስንት ስኳር ወደ ከረጢቱ እንዳለፈ ይለካል። ቁጥሩን እሷ ትጽፋለች።

የሚያስቸግራት ቁጥሩ አልነበረም፤ ድምፁ ነው። ኦክስጅኑ በውኃው ውስጥ ጉልክ፣ ጉልክ ሲል ሰው ውኃ የሚጠጣ ይመስላል። እናቷ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንደዚያ ነበር የምትጠጣው። ጆጉን በሁለት እጇ ይዛ ሳትተነፍስ ትጨልጠውና «ገና ነኝ፣ ጠማኝ» ትላለች። መዝገብ ያዧ ወንበሯን አዙራ፣ ለብልቃጦቹ ጀርባዋን ሰጥታ መሥራት ከጀመረች ሰንብታለች። አንዳንዴ ኦክስጅኑ ያልቅና ድምፁ በድንገት ቀጥ ይላል። ያኔ ደግሞ የባሰ ነው። «ጠጥተሽ ጨረስሽ?» ልትል አፏን ከፍታ ትባንናለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቤተ ሙከራውን የሚመሩት ፕሮፌሰር በነጠብጣብ የተሞላ ወረቀት ይዘው ወደ ጠረጴዛዋ መጡ።

«ይቺን ሠላሳ አንድ ቁጥር እዪልኝ እስቲ። ሞራና መድኃኒት አንድ ላይ ከሚወስዱት ጋር ነው የመዘገብሻት። እነሱ ሁሉ ይኸው እላይ ናቸው፤ ብዙ ስኳር ነው የሚያሳልፉት። እሷ ብቻ እታች ወርዳ፣ መድኃኒት ብቻ ከሚወስዱት መሃል ቁጭ ብላለች።»

«ልኬቱ ተሳስቶ ይሆናል።»

«የለካሁት እኔ ነኝ።»

«መዝገቡ ትክክል ነው፣ ፕሮፌሰር።»

«እንግዲያው የተሳሳተችው አይጧ ናታ!» ብለው ስቀው፣ ወረቀቱን ትተውላት ሄዱ።

የሠላሳ አንድ ነገር ትዝ አላት። ሳጥኑ ሲታጠብ ካርዱ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ቀለሙ ፈሶ ነበር። እሷ ናት አዲስ ካርድ የጻፈችው፤ ከጠባቂው የዕለት ቅጽ ላይ ገልብጣ። ቅጹን ከፋይሉ አወጣችው። የጠባቂው ድብልብል እጅ ጽሑፍ «31፦ መድኃኒት፣ ቅባት» ይላል። ከዚህ በላይ ምን ግልጽ አለ? ቅጹን ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች።

ጠባቂው እጅጌውን ጠቅልሎ የአይጦቹን የመጠጫ ጠርሙስ ይሞላል። ዘጠና ስድስት ነፍስ አስተዳድራለሁ ስለሚል እሱንም «አባወራው» ይሉታል።

«ልጆች፣ ቀጥ በሉ! አራት ነጥብ መጣች!» አለ ለአይጦቹ።

«ቀልዱን ተወውና ይቺን አንብብልኝ።»

ቅጹን ከዓይኑ አርቆ ያዘው። «ሠላሳ አንድ። መድኃኒት፣ ቅባት። የኔ ጽሑፍ ነው። ምነው፣ አያምርም?»

«መድኃኒት እየወሰደች ሞራ ትበላ ነበር ማለት ነዋ?»

«ማ? ይቺ? ኧረ ሞራ በአፏ ዞሮ አያውቅም! ተራ መኖ ነበር የምትበላው። ጭራዋን የሳጥኑ በር ቆንጥጧት አልነበር? ቁስሏን ቀባሁላት።»

«ቅባት ነው እኮ የሚለው!»

«ቅባት ነዋ! የሚቀባ ቅባት። የሚበላውንማ መቼም ሞራ ነው የምለው። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ‹ሠላሳ አንድ ዛሬ ጭራዋን ታሽታ ተሽሞንሙና ዋለች› ልበል? አጭር ጻፍ፣ አጭር ጻፍ እያልሽ ነፍሴን ያወጣሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ!»

ፊቷ ሲለዋወጥ አይቶ ጠርሙሱን አስቀመጠ።

«ምነው? ለአንዲት አይጥ ነው እንዲህ የምትሆኚው? እኔ እኮ የአይጥ አንጀት ስትሰበስቡ የራሳችሁ አንጀት ያለቀ ይመስለኝ ነበር።»

አልሰማችውም። የምትሰማው የእናቷን ድምፅ ነበር፤ እንዲህ ጥርት ብሎ ከተሰማት ቆይቷል። ‹ቅባቱን ከለከላችሁኝ፣ አይደል?›

ወደ ወንበሯ ተመልሳ ተቀመጠች። ነገሩ አንድ በአንድ መጣ።

እናቷ ሳንባዋን ያማት ነበርና ነጩን የስቴሮይድ ክኒን ጀምራ ነበር። በሦስተኛው ወር ሐኪሙ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ስልክ ደወለላት። የተናገረውን ዛሬም ቃል በቃል ታውቀዋለች። «ስኳራቸው ከፍ እያለ ነው። ክኒኑን ግን በራሳቸው እንዳያቋርጡ፤ አደጋ አለው። ስኳሩንና ጣፋጩን ትተዋል ብለሽኛል፣ ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ የሰባ ሥጋውን፣ በቅባት የሚጠበሰውን፣ ሾርባ ላይ የሚንሳፈፈውን ይተዉ። በየሳምንቱ ይለኩ።» እሷም ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ይህን ሁሉ በሁለት መስመር ቋጨችው።

ክኒን አይቋረጥ።
ቅባት ይቁም።

ወረቀቱን ለአክስቷ ሰጠቻት። አክስቷ የእናቷ ታናሽ እህት ናት፤ ከእናቷ ጋር እየኖረች የምታስታምማት እሷ ነበረች። እናቷ ታዲያ እግሯ ላይ የቆየ ቁስል ነበራት፤ ጠዋትና ማታ ቅባት እየተቀባ ለዓመታት ጸጥ ብሎ የኖረ ቁስል። ወረቀቱ ከተሰጠ ከሁለት ሳምንት በኋላ መዝገብ ያዧ እናቷን ልትጠይቅ ሄደች። እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን በነጠላ ሸፍና፣ እንደተቀየመ ሕፃን ቀና ብላ አየቻት።

«ቅባቱን ከለከላችሁኝ፣ አይደል?»

«ለጤናሽ ነው፣ እማዬ። ዶክተሩ ነው ያለው።»

«ይሻለኝ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን ለጊዜው ቻይው።»

ቻለችው። ከወር በኋላ ቁስሉ አፍ ከፈተ፣ ስኳሩ ሰማይ ነካ፣ ሆስፒታል ስትገባ የቁስሉ መርዝ ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበር። ያኔ መዝገብ ያዧ ስኳሩ ነው ቁስሉን የከፈተው ብላ አመነች። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም፤ ስለ አንዲት አይጥ ካርድ ሦስት ጊዜ የምትጠይቅ ሴት። የተቋረጠው የሚቀባው ከሆነ፣ የሚበላው ሳይቋረጥ ቀጥሎ ነበር ማለት ነው።

መዝገቡን ከፈተች። በሠላሳ አንድ ስም የጻፈችውን፣ ደንቡ እንደሚለው፣ የተሰረዘው እንዲነበብ በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዘችው፤ ቀኑን ጻፈች፤ ፈረመች። ፊርማው የሌላ ሰው መሰለ። ከዚያ ተነስታ የፕሮፌሰሩን በር አንኳኳች።

ስህተቱን ነገረቻቸው። «ጥሩ አደረግሽ፤ ቁስልም የቁስል ቅባትም ስለነካት እሷን ከጥናቱ እናወጣታለን» አሉ። መዝገብ ያዧ ግን ከክፍሉ አልወጣችም።

«ፕሮፌሰር፣ ሰው ቢሆንስ? ክኒኑን እየወሰደ፣ ስቡንም ሳይተው ወራት ቢቀመጥ?»

የማንን እንደምትጠይቅ ገባቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኛ ያየነው የአይጥ አንጀት ነው፤ እሱም ከሰውነት ወጥቶ፣ ብልቃጥ ውስጥ። ስብ ሲበዛ የአንጀቱ ሽፋን ራሱ ይለወጣል፣ ስኳር የሚያሳልፉት በሮችም አብረው ይለወጣሉ። ክኒኑ ይጨመርበታል። ይሄን አይተናል። ሰው ላይ ግን ክኒኑ ብቻውን፣ አንጀት ሳይደርስ፣ በጉበትም በጡንቻም በኩል የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የእናትሽ ስኳር በየትኛው በር እንደገባ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። እኔም አልችልም።»

ነፃ ነሽ አላሏትም። ጥፋተኛ ነሽም አላሏትም። ከሁለቱ አንዱን ፈልጋ ነበር የገባችው።

በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። አሁን አክስቷ ብቻዋን የምትኖርበት ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የሚጠበስ ነገር ሽታ እስከ ደረጃው ወጥቷል።

«እንዴ! ዛሬ ማክሰኞ አይደል? ከሥራ አባረሩሽ እንዴ?» አለች አክስቷ ከምድጃው ሳትዞር። ስትናገር ደረቷ ሲር፣ ሲር ይላል። «ግቢ ልጄ፣ ግቢ። እኔንም እኮ ሳንባዬን ያዘኝ። ሐኪም ቤት ሄጄ ምን ቢሰጡኝ ጥሩ ነው? የእትዬን ክኒን! ያቺኑ ነጯን።»

ክኒኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። መዝገብ ያዧ ብልቃጡን አንስታ አነበበች። ያው ነው።

«ምን አሉሽ? ስለ ምግብ ምን አሉሽ?»

«ምን ይሉኛል፣ ሰዉ ተሰልፎ! እኔም አልጠየቅኩም፤ መመሪያውን አውቀው የለ? ይኸው፣ ተለጥፎ!» በማማሰያዋ ወደ ቁም ሣጥኑ በር ጠቆመች። ወረቀቱ እዚያ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ በየሳምንቱ እየመጣች፣ ኩባያ ልታወጣ ያንን በር እየከፈተች፣ አንድ ቀን እንኳ አላየችውም። «ክኒኑን አላቋርጥም። የጉልበቴን ቅባት ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ተውኩት። ያመኛል፣ ግን እችለዋለሁ። ክኒኑ ሆድ ይፍቃል፣ ስለዚህ ሰባ ሰባ ያለ ነገር እበላበታለሁ፤ ለእትዬም እንደዚያ ነበር የማደርግላት፣ ሆዷን እንዲሸፍንላት።»

መጥበሻው ውስጥ የዶሮ ቁራጭ ከነቆዳው ይንጫጫል።

«እትዬ ታስለቅሰኝ ነበር» ቀጠለች አክስቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «‹እግሬን ቀቢኝ› ስትለኝ አንጀቴን ትበላው ነበር። ግን ጨከንኩ። ያልሽኝን አንድ ሳላጎድል አድርጌያለሁ። ለዚህ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ፤ ሌላ ምን አለኝ።»

መዝገብ ያዧ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዝም ብትል ይቺኛዋም እንደዚያችኛዋ ልትሄድ ነው። ብትናገር ደግሞ ለአክስቷ የቀራትን ብቸኛ ነገር ልትቀማት ነው። መሃል መንገድ ፈለገች።

«አክስቴ፣ አሁን መመሪያው ተለውጧል። የጉልበትሽን ቅባት ተቀቢ፤ የሚተወው የሚበላው ስብ ነው።»

አክስቷ ዞረች። «ለምን ተለወጠ?»

«እንዲሁ... ሐኪሞቹ...»

«እንዲሁ አይለወጥም። ያ ስህተት ነበረው?»

መዝገብ ያዧ በሕይወቷ ብዙ ስህተት ሰርዛለች፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ግን ሁሉም የሌላ ሰው ነበር።

«ቅባት ያልኩት የሚበላውን ነበር፣ አክስቴ። ስቡን። የእግሯን አልነበረም።»

አክስቷ ምድጃውን አጠፋች። መጥበሻው ትንሽ ተንጫጭቶ ዝም አለ።

«እንደገና በይው።»

እንደገና አለችው።

«እኔ ነኛ የገደልኳት።»

«አይደለሽም! የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዶክተሩ ብዙ ነው የተናገረው፤ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ነበር ያለው? ሙሉውን በይው።»

አንድ ቃል ሳታስቀር አለችው። አክስቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እንደ ጸሎት ስትከታተል ቆይታ፣ ሲያልቅ ቀና ብላ አየቻት።

«ይሄን ሁሉ ብሎ አንቺ ሁለት ቃል ሰጠሽኝ? ወረቀት አልቆባችሁ ነበር?»

«አላለቀም።»

«የቅባቱን ዕቃ ልታነሳ ስትል እጇን መትቻለሁ እኮ። እንደ ልጅ እጇን መትቻለሁ።»

«ፕሮፌሰሩ በየት በኩል እንደመጣ አይታወቅም ብለዋል። ክኒኑ ብቻውንም...»

«ፕሮፌሰርሽ እዚህ ነበሩ? ሲጠማት አይተዋታል?»

«አላዩም።»

«እንግዲያው ዝም ይበሉ።» አክስቷ እጇን በቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረበትም። «ሂጂ ልጄ። ዛሬ ሂጂ። ሌላ ቀን እሰድብሻለሁ፤ ዛሬ አቅም የለኝም።»

በሩ ላይ ቆማ፣ ጀርባዋን ለሰጠቻት ሴት፣ ሁሉንም ዘርዝራ ተናገረች። ክኒኑን በራስሽ እንዳታቋርጪው፤ የጉልበትሽን ቅባት ጠዋትና ማታ ተቀቢ፤ የሰባ ሥጋና የተጠበሰ ነገር ተዪ፤ በሳምንት አንዴ ስኳርሽን ተለኪ።

አክስቷ ዘጠኝ ቀን ስልክ አላነሳችላትም። መዝገብ ያዧ ሥራዋን ሠራች። ስለ ሠላሳ አንድ የጻፈችው ማስታወሻ ግማሽ ገጽ ወጣው፤ አባወራው አይቶ «ደህና ነሽ ግን?» አላት። ለእሱም አዲስ ቅጽ አዘጋጀችለት፤ ለሚበላው አንድ ዓምድ፣ ለሚቀባው ሌላ ዓምድ። «እኔ ነበርኩ የተሳሳትኩት» ስትለው የሚያሾፍበት ነገር ፈልጎ አጣ።

ከቤት ስትወጣ፣ ደረጃ ስትወርድ፣ ፀጉሯን ስታበጥር፣ ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር አትለቃትም። ‹ከለከላችሁኝ፣ አይደል?› ድሮ እናቷ ስትጠጣ ትሰማት ነበር። አሁን ስትጠይቅ ነው የምትሰማት፤ ለዚያ ጥያቄ የሰጠችውን መልስም ታውቀዋለች።

በአሥረኛው ቀን ከምሳ በፊት የጠረጴዛዋ ስልክ ጮኸ።

«የዶሮ ቆዳስ?»

ሰላምታ የለም፣ እንዴት ነሽ የለም። ከዚያ ወዲያ ሲር፣ ሲር የሚል ትንፋሽ ብቻ።

«እሱም ይቅር፣ አክስቴ። ሥጋውን ብይ፣ ቆዳውን ከመቀቀልሽ በፊት ግፈፊው።»

«ተለካሁ። ትንሽ ከፍ ብሏል አሉኝ። ትንሽ ነው ግን አሉ።»

«ተመስገን። ቅባትሽንስ?»

«እቀባለሁ።» ትንፋሹ ቀጠለ። «እትዬ ቆዳውን ነበር የምትወደው።»

«አውቃለሁ።»

«ከራሴ ድርሻ እያነሳሁ እጨምርላት ነበር።»

በዚያኛው ጫፍ ወረቀት ኮሽ አለ፤ ወንበር ተሳበ።

«ሾርባውስ? ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው?»

«እሱም ስብ ነው። ሾርባውን ሠርተሽ አቀዝቅዢው፤ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ ያንን በማንኪያ ገፍፈሽ ትጥይና...»

«ቀስ በይ፤ እየጻፍኩ ነው» አለች አክስቷ። «ምንም እንዳታስቀሪ።»